የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በሐይቅና አምባሰል ጎዳና፦ ከሽያጩ በኋላስ?

መንግስት በነዳጅ የሚሰሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም ማስታወቁ ይታወሳል። ቀደም ሲልም ሙሉ በሙሉ ተበትነው የሚገቡ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ሲሆኑ፣ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ የሚጣለው ቀረጥ 15 በመቶ እንዲሆን ተደርጓል።

ሽያጩ በዚህ ተበረታቷል፤ አገልግሎቱ ግን እኩል አልተራመደም። የአሜሪካው ቴስላ ተሽከርካሪዎቹን ያለ ወኪል ለገዢው በቀጥታ ከመሸጡም በላይ የባትሪ መሙያ ጣቢያዎችን በየጎዳናው ራሱ ተክሏል። ወደ አገራችን ከሚገቡት በርካታዎቹ ግን ከአምራቹ ጋር የጥገና ውል በሌላቸው አስመጪዎች በኩል የሚመጡ በመሆናቸው፣ ገዢው ዋስትናና መለዋወጫ የሚጠይቀው አካል ያጣል።

ችግሩ ከመዲናዋ በተራቀ ቁጥር ይጎላል። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱ ጣርማበር ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወስደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በአመዛኙ ቁልቁለት ስለሆነ ባትሪውን በጥቂቱ ይሞላል፤ ዳገቱ ግን በመልሱ ይጠብቃል። ከሐይቅ እስከ አምባሰሏ ውጫሌ በቀን ደጋግሞ ለሚመላለስ ባለታክሲ፣ ሌሊት ቤት ውስጥ መሙላት ብቻውን አያዋጣም።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም ፈጣን የመሙያ ጣቢያ በአዲስ አበባ ከፍቷል። በዚያው ዓመት ጳጉሜ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም የኃይል አቅርቦቱን ያሳድጋል። ኃይሉን ለመሙያ ጣቢያ የሚያደርሰው የከተማ መስመርና ትራንስፎርመር ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የአስመጪዎች ፈቃድ ከጥገና ማዕከልና ከመለዋወጫ አቅርቦት ግዴታ ጋር ቢያያዝ፣ የሐይቁ ገዢ ለብልሽት ሁሉ መኪናውን አዲስ አበባ ድረስ ከማስጫን ይድን ነበር።