የጅቡቲ በረንዳዎች ይቆዩ

በሐምሌ ሐሩር ጅቡቲ ውስጥ ሰነድ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የዞረ ሰው ስለ አሮጌ ሕንፃ ሲነሳ ቀድሞ የሚታየው ውበቱ ሳይሆን ጥላው ነው። እኔ ትራንዚተር ነኝ። ከመርከብ ወኪል ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ጉምሩክ ስሮጥ፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ፊቴን ሲለበልበኝ የሚያስጠልለኝ የመሀል ከተማው ባለ ቅስት በረንዳ ነው። ስለዚህ «እነዚህ አሮጌዎች ለፎቅ ቦታ ይልቀቁ» የሚል ሰው ሻይ ቤት ባጋጠመኝ ቁጥር እሟገታለሁ።

ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የምኒልክ አደባባይ በሚለው ሜዳ ዙሪያ የቆሙት ቤቶች ግድግዳቸው ከባሕር በወጣ ኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ወፍራም ነው። ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው። የመስኮታቸው የእንጨት ፍርግርግ ፀሐዩን ከልክሎ አየሩን ያሳልፋል። ምድሩ ሱቅ፣ ፎቁ ቢሮ ወይም መኖሪያ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ገብቶ ከተማው ጭር ሲል፣ ጉዳያችን ያላለቀልን ሰዎች ቢሮ እስኪከፈት የምንጠብቀው እዚያው በረንዳ ሥር ነው። መስታወት የለበሰው አዲስ ሕንፃ ግን ኤሲው የቆመ ዕለት ምድጃ ነው። ኤሲው የሚበላው መብራት ደግሞ ጥቂት የማይባለው ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከእኛው አገር ከኢትዮጵያ በመስመር የሚሄድ ነው።

ወጣት የጅቡቲ ባልደረቦቼ «የቅኝ ገዢ ትዝታ ለምን ይጠበቃል?» ይሉኛል። ቅሬታቸው ይገባኛል። ፈረንሳይ ከ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የነፃነት ጥያቄ ተቃውሞ በኋላ ከተማቸውን በሽቦ አጥር እንደከበበች ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። በእነዚያ ፎቆች ማን ይኖር እንደነበር፣ ማን ደግሞ በቆርቆሮ ሰፈር እንደቀረ ያውቃሉ። ነገር ግን ገዢው ትእዛዝ ሰጠ እንጂ ድንጋይ አልተሸከመም። ያነጹት የየመን ግንበኞች፣ የሶማሌና የአፋር የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። የኮራልና የኖራው ጥበብም ከፓሪስ የመጣ አይደለም፤ ምጽዋና ሱዋኪን ፈረንሳይ ከመምጣቷ በፊት በዚሁ መንገድ ተገንብተዋል። የከተማዋ የቆየ ምልክት የሆነውን የሐሙዲን መስጊድ ያሠራው የመናዊ ነጋዴ ነው።

የእኛም እጅ አለበት። የባቡር ሐዲዱ ከ1897 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጅቡቲ ተዘርግቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ባይደርስ ኖሮ ጅቡቲ መርከቦች ከሰል የሚጭኑባት ጣቢያ ሆና በቀረች ነበር። ከተማዋን ያሳደገው የእኛ ቡናና ቆዳ ነው። እነዚህን ቤቶች ማፍረስ የገዢውን ሳይሆን የግንበኛውን፣ የነጋዴውንና የተሸካሚውን ሥራ ማጥፋት ነው።

አደጋው ደግሞ ከዶዘር በፊት የሚመጣ ነው። ኮራል ድንጋይ እርጥበትና ጨው ይስባል። በሲሚንቶ ሲለስኑት ጨው ያዘለው እርጥበት መውጫ ያጣና ግድግዳው ከውስጥ ይፈረፈራል። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ በየአገሩ የተበተኑ ወራሾች ናቸው፤ ከኪራዩ የሚገኘው ለጥገና አይበቃም። ስለዚህ በራሱ ጊዜ እስኪፈርስ ይጠበቃል። ሥራውም እየሸሸ ነው። ኮንቴይነሩ ወደ አዲሱ የዶራሌ ወደብ ሄዷል፤ አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከመሀል ከተማ ውጭ ናጋድ ነው።

ጥሩ አጋጣሚም አለ። ጭነቱ የለቀቀው የአሮጌው ወደብ መሬት የንግድ ማዕከል እንዲሆን ከቻይና መርቻንትስ ኩባንያ ጋር ዕቅድ ወጥቷል። ይህን አልቃወምም፤ እንዲያውም ክርክሬን ያግዘዋል። ሰማይ ጠቀሱ እዚያ ባዶው መሬት ላይ ይቁም፤ አደባባዩን ለቀቅ ያድርግ። ለመሀል ከተማው ከባድ ነገር አያስፈልገውም። ጥገናው በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ ይሁን፤ ቤቱን ለሚያድስ ባለቤት ግብር ይቀነስለት፤ ምድር ቤቱ ሱቅነቱን አይተው። ሙዚየም አድርጉልኝ አላልኩም። ሰው የማይሠራበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል።

ውሳኔው የጅቡቲዎች ነው። እኛ ግን የወጪና ገቢ ንግዳችንን ከዘጠና በመቶ በላይ በዚያ የምናሳልፍ ደንበኞች ነን፤ ቢሮ ስንከራይ የምንመርጠው ቤት ድምፅ ነው። ሙሉ በሙሉ በእጃችን ያለው ደግሞ ድሬዳዋ ነው። የከዚራ ሰፈሯ ቤቶች የዚያው ሐዲድ ልጆች ናቸው፤ ያው ሙቀት፣ ያው በረንዳ፣ ያው የወራሽ ጣጣ አለባቸው። የከተማው አስተዳደር አንድ መንገድ መርጦ በኖራ ያሳድስ፤ ለባለቤቶቹም የግብር እፎይታ ይስጥ። ያኔ ጅቡቲን የምንመክርበት አፍ ይኖረናል።