ብርድ የሸሸጋት ፀሐይ

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሻገር መንገደኛ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ላብ ያጠምቀዋል። የመኪናው መጋረጃ ይጎተታል፣ ጋቢ ይወልቃል፣ ነጠላ ራስ ላይ ጣል ይደረጋል። ሽቅብ ወጥቶ ደጀን አፋፍ ሲደርስ ነፋሱ ይቀበለዋል፤ እፎይ ይልና መጋረጃውን ገልጦ፣ መስኮቱን ከፍቶ ፊቱን ለፀሐይ ይሰጣል።

ተሳስቷል። የፀሐይ ሙቀትና ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር አንድ አይደሉም። ጨረሩ አይታይም፣ ሲያርፍም አያሞቅም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ስለሚሳሳ በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጥርት ባለ ቀን የደጀን ነፋሻ ቀትር፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የሸለቆው ወለል ይልቅ ለቆዳ ይከፋል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚዘልቀው የጮቄ ተራራ ግርጌና ወገብ ላይ ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬ ደግሞ ከዚያም በላይ ለጨረሩ ቅርብ ነው፤ ብርዱ ግን አያስጠረጥረውም።

የደጋ ሰው ፀሐይን የሚመዝነው በሙቀቷ ነው። መለወጥ ያለበት ይህ ሚዛን ነው፤ ምትኩ ደግሞ ከሩቅ አይመጣም። የእጅ ሰዓት ሳይለመድ በፊት ካህናቱም ገበሬውም ሰዓት የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ነበር። ሰውየው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የጥላው አናት ያረፈበትን ልብ ይላል፤ ከዚያ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኘ ይቆጥራል። የዛሬ የቆዳ ሐኪሞች ምክርም ከዚህ አይርቅም፦ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ መጠለያ ፈልግ።

ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ሚያዝያ 9 አካባቢና ነሐሴ 20 አካባቢ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች፤ ጥላ ከእግር ሥር ይጠፋል። ይህ ብዙ ላያስገርም ይችላል። የሚያስገርመው ታኅሣሥ ነው። ያኔ ፀሐይ እስከ መጨረሻው ወደ ደቡብ ብታዘነብልም የቀትር ጥላ ከሰው ቁመት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዓመቱን ሙሉ ደብረ ማርቆስ ላይ በቀትር ጥላው ከራሱ የሚረዝም ሰው የለም። ታኅሣሥ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ወር ነው፤ ጠዋት ውርጭ፣ ቀን ደመና የሌለው ሰማይ። አጫጁ አጎንብሶ ማጅራቱን፣ ቁምጣ ከታጠቀ ደግሞ ባቱን ጭምር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለጨረሩ አሳልፎ ይሰጣል።

ጥቁር ቆዳን ፀሐይ ምን ታደርገዋለች የሚል ሙግት መነሣቱ አይቀርም። እውነት አለበት፤ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም ትልቅ ጋሻ ነው። ዓይንን ግን ሜላኒን አይጋርድም፤ ለዓይን ሞራ ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ የዓመታት ፀሐይ ነው። ማድያትንም ፀሐይ ታባብሰዋለች። ማድያት የወጣባት ሴት ዣንጥላዋን ቤት ትታ የሚያቀላ ቅባት ስትገዛ ማየት ያሳዝናል፤ ከእነዚህ ቅባቶች ውስጥ ስቴሮይድ ያለባቸው ቆዳን ያሳሳሉና። ቅቤና ቫዝሊንም ቆዳ ያለሰልሳሉ እንጂ ጨረር አያግዱም። ሕፃናትን በማለዳ ፀሐይ ማሞቅ ግን ለአጥንታቸው የሚበጅ ልማድ ስለሆነ ማንም እንዲተወው አይመከርም።

ልብስም ይለያያል። ነጠላን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት ይበቃል፤ በክሩ መካከል ሰማዩ ከታየ ጨረሩም በዚያው ያልፋል። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ፣ ጥቁር ዣንጥላ፣ ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ከብዙ ቅባት ይበልጣሉ።

ይህ ሁሉ ለአብዛኛው ሰው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። አልቢኒዝም ይዞት ለተወለደ ልጅ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ቆዳውም ዓይኑም ሜላኒን የላቸውም፣ ቢኖራቸውም እጅግ ጥቂት ነው። ከብት ሲጠብቅ በሚውልበት በአንድ ቀትር ፊቱ ይቀላል፣ ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ጆሮው ጫፍ ላይ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ እየዳነ እየተመለሰ ከቆየ በወጣትነቱ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ይህን ልጅ እርግማን ነው፣ ለምጽ ነው እያሉ የሚያሸማቅቁት አሉ፤ ነገሩ ከእናትና ከአባት በዘር የሚወረስ እንጂ የማንም ኃጢአት አይደለም። ሰኔ 6 ቀን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የዓለም የአልቢኒዝም ቀን ሆኖ ይታሰባል። መታሰቡ መልካም ነው፤ ልጁ የሚፈልገው ግን ረጅም እጅጌ፣ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽርና በየሁለት ሰዓቱ የሚቀባ፣ ቁጥሩ ከ30 ያላነሰ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ክሬሙ ከመዋቢያ ዕቃ ጎን ተደርድሮ የሚሸጥለት ሳይሆን በጤና ጣቢያ እንደ መድኃኒት የሚሰጠው መሆን አለበት።

ትምህርት ቤት ያለው ችግር ከዚህ ይቀላል። በጎጃም ታላቅ ሰው ፊት ባርኔጣ ማውለቅ የአክብሮት ምልክት ነው፤ በዚህም የተነሣ ልጁ ግቢ ውስጥ ኮፍያህን አውልቅ ይባላል። ዓይኑ ከሩቅ ስለማያይ የፊት ወንበር ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ኋላ ተቀምጦ ሰነፍ ይባላል። መስከረም ላይ ተማሪ ሲመዘገብ ከስሙ ጎን ኮፍያ እንዲፈቀድለትና ፊት እንዲቀመጥ መጻፍ በጀት አይጠይቅም። የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ከቀትር ወደ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ከሆነም ወደ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ለማዛወር የአንድ ርዕሰ መምህር ብዕር ይበቃል።