የእጅ ጥበብ ቦታ ይሻል

አሮጌ ሻንሲ፣ ከመርካቶው ሶማሌ ተራ የተገዛ ሞተርና ካምቢዮ፣ በባትላሜራ እጅ የተቀጠቀጠ የጭነት ሣጥን ተገጣጥመው ፒክአፕ ይሆናሉ። በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የኤክሳይስ ታክስ ከበደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ታገደ። ስለሆነም ያለውን ማደስ ለሠርቶ አደሩ የኑሮ ጥያቄ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበብ ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀሰም አይደለም፤ ከበያጁ ወደ ረዳቱ የሚተላለፈው በጋራዥ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የሥራ ቦታዎችም አብረው ተነሥተዋል። ስለዚህ የቂርቆስ የሠፈር ማኅበራት የጋራ የሥራ ቦታ ይጠይቁ፤ ባለሙያዎችም ፍሬንና መሪውን በቴክኒክ ምርመራ ያስፈትሹ እንላለን። ቦታ የተነፈገ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል!