ማርሚታው፣ ሽቦውና በረኪናው

በዚህ ዐምድ ስለ ገንዘብ፣ ስለ አማቶችና ስለ ልጆች ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ስለ ሞተር ሳይክል ማርሚታ እናወራለን። «ይህ ደግሞ ከትዳር ጋር ምን ያገናኘዋል?» የምትል እህት ብትኖር አልፈርድባትም። ባሏ ቅዳሜ ጠዋት ቁጢጥ ብሎ አንድ ቱቦ ሲወለውል የሚያረፍድባት እህት ግን ምን ለማለት እንደፈለግኩ ወዲያው ይገባታል።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሞተሬ የስቴንለስ ስቲል ማርሚታ አስገጠምኩ። እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቡናማ ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ አሉበት። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም፤ ባለቤቴ ልታስደስተኝ ብላ በረኪና በገባበት ውኃ አጥባው ነበርና። ለሕዋስ ኅብረት በመጡ ወገኖች ፊት «እሷ ናት ያበላሸችው» አልኩ። እየሳቅኩ ነበር ያልኩት። እሷ ግን አልሳቀችም። ሻይ ቀድታ ስትጨርስ ጓዳ ገባች፤ እስከ መዝጊያው ጸሎት አልወጣችም።

በማግስቱ ማርሚታውን ለመካኒክ አሳየሁ። ልጁ ጨርቅ ላይ ጥቂት የብረት ፖሊሽ አድርጎ አንዱን ነጠብጣብ ሲያሸው ጠፋ። ቦታውን በጥፍሩ ዳበሰው፤ ለስላሳ ነው። «ጋሼ፣ በረኪና ቢበላው ኖሮ ትንንሽ ቀዳዳ ይተው ነበር። ይሄ የድስት ሽቦ ነው። በሽቦ የፈተገው ማነው?» አለኝ። የፈተግኩት እኔ ነኝ። እሷ በረኪናውን ከማንሳቷ በፊት፣ የደረቀ ጭቃ አልለቅ ሲለኝ፣ ከገዛ ጓዳዋ ሽቦ አምጥቼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቴንለስ ስቲል «የማይዝግ ብረት» ይባል እንጂ ብረትነቱ አልቀረም። ልዩ የሚያደርገው ውስጡ ያለው ክሮሚየም ነው፤ ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ያህል መኖር አለበት። ይህ ክሮሚየም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ለዓይን የማይታይ እጅግ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫር እንኳ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ አየር ካገኘ ራሱን ይጠግናል። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ የተባለው ሰው ይህን ዓይነት ብረት ያወጣው ቶሎ ለማያልቅ የጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ነበር።

ሽፋኑን የሚያጠቁት ነገሮች በየቤታችን አሉ። አንዱ በረኪናና ጨው ነው። በውስጣቸው ያለው ክሎራይድ ሽፋኑን ቦታ ቦታውን ይበሳዋል፤ ጉድጓዱም በፖሊሽ አይመለስም። ባለቤቴ ወዲያው በብዙ ውኃ አለቅልቃው ስለነበር ተርፏል። ሌላው ተራ የብረት ሽቦ ነው። ሽቦው ሲፈትግ ብናኙን በጭረቱ ውስጥ ይተዋል፤ ቆይቶ የሚዝገው ማርሚታው ሳይሆን ያ ብናኝ ነው። ብርጭቆ ወረቀትም ያው ነው፤ ባትነኩት ይሻላል።

እንግዲህ ወንድሞች፣ ማርሚታችሁን የምታጥቡት ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን። አፉን በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ግን መፍታቱን አትርሱ። በላርጎና ለብ ባለ ውኃ፣ በስፖንጅ ወይም በጥጥ ጨርቅ እጠቡ። የብረቱ ጭረት በየት በኩል እንደሚሄድ አይታችሁ ወደዚያው አቅጣጫ እሹ እንጂ ክብ እየሠራችሁ አትፈትጉ። አልለቅ ያለ ቆሻሻ ካለ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃ እንደ ሊጥ ለውሳችሁ ቀቡት፤ ጥቂት ቆይታችሁ እሹት። ከሽቦ የቀረ ዝገት ካለ ደግሞ የሎሚ ጭማቂ ይረዳል። ከዚያ በደንብ አለቅልቁ፤ በደረቅ ጨርቅም አድርቁ። ውኃው በራሱ ከደረቀ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ፖሊሽ በመጨረሻ ነው፤ እሱም በጥቂቱ። ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት በአልኮል የራሰ ጨርቅ አሳልፉበት፤ የጣት ቅባትና የፖሊሽ ትራፊ ሙቀት ሲያገኘው እዚያው ይጠበሳልና።

ሞተሩ አጠገብ ያለው ቱቦ ቀለሙን ቢቀይር አትደንግጡ። በሙቀት ሽፋኑ ሲወፍር ብርሃን ከላዩ የሚመለስበት መንገድ ይለወጣል፤ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ፈዛዛ ቢጫ፣ ወደ 400 ሲጠጋ ቡናማ፣ ከ500 ሲያልፍ ሰማያዊ ይሆናል። በፖሊሽ ታስለቅቁታላችሁ፤ ሞተሩ እንደገና ሲሞቅ ግን ይመለሳል። እኔ ሰማያዊውን እወደዋለሁ። ድንገት ከወትሮው በጣም ከጠቆረ ግን ነዳጅ አንሶ አየር በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ካርቡረተሩን አሳዩ።

ብዙ ማርሚታ የሚሞተው ግን ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከቤት እስከ ቸርች ብቻ የሚነዳ ሞተር ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውኃው ውስጥ ይቀራል። (በማቴዎስ 23 ጌታ የጽዋውን ውጪ ብቻ ስለሚያጠሩ ሰዎች የተናገረውን ሳነብ ማርሚታዬ ትዝ ይለኛል።) በሳምንት አንድ ጊዜ ራቅ ያለ መንገድ ንዱት። ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ካለው ውኃ ማውጫ ነውና አትድፈኑት።

ማርሚታችሁ ስቴንለስ ሳይሆን ክሮም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ። ቅቡ ስስ ስለሆነ በኃይለኛ ፖሊሽ ያልቃል፤ ከተላጠ በኋላ ከሥር ያለው ብረት ይዝጋል። ለቀላል ዝገት የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ውኃ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እሹበት።

እህቶች፣ ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። ያ የሚያብረቀርቅ ነገር ሞተሩ ከቆመ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይፋጃል፤ ቁመቱም ከሕፃን ጉንጭና እጅ ጋር እኩል ነው። ሞተሩ ቤት ሲገባ ማርሚታው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቁም፤ ባልየው ቢረሳ አስታውሱት። ልጅ ከተቃጠለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ያዙት፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና እንቁላል አትቀቡበት።

ያን ቀን ከጋራዥ ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። ጓዳ ገብቼ «ይቅርታ» ብላት ይበቃ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግን የከሰስኳት ጓዳ ውስጥ አልነበረም፤ ስድስት ሰው ፊት ነበር። ስለዚህ በዚያው ምሽት ለብቻችን ነገርኳት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ኅብረቱ ሲሰበሰብ፣ ሻይ ከመቀዳቱ በፊት፣ ማርሚታውን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን ለሁሉም ተናገርኩ። ወንድሞች ሳቁብኝ። እሷም በዚህ ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ በሁሉም ፊት «ሽቦዬስ?» አለችኝ። ሁለት ገዝቼላታለሁ፤ የእኔ የጥጥ ጨርቅ ደግሞ ለብቻው ተሰቅሏል።