የዘር ፈትል ጠባቂዎችና የሕፃናት አእምሮ

ልጅ ለወላጁ ከሀብትም ከሹመትም የሚበልጥ ስጦታ እንደ ሆነ ሁላችን እናምናለን። ነገር ግን ልጁ አፉን ሳይፈታ የቀረ እንደ ሆነ፥ ወይም ከፈታ በኋላ ንግግሩን የተወ እንደ ሆነ፥ በብዙ ቤት ከደስታው ሐሜቱ ይበዛል። አንዱ ርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ቡዳ በላው ይላል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን በደሉን በእናቲቱ ላይ የሚጥለው ነው። ስለዚህ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በዚህ ነገር የደረሱበትን ዕውቀት ለተከበሩት አንባብያን በአጭሩ መግለጽ የተገባ ሆኖ አግኝተነዋል። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ሰውነታችን ለዐይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። በሕዋሱም ውስጥ ከአባትና ከእናት የተቀበልነው ዲ ኤን ኤ የሚባል የዘር ፈትል ይገኛል። የአንዱ ሕዋስ ፈትል ቢዘረጋ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ነው፤ የሚያድርበት እልፍኝ ግን ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ገደማ አያልፍም። እንግዲህ ለሸማኔ የሚሰጠው ፈትል በቀሰም ላይ እንደሚጠመጠም፥ የዘር ፈትልም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል። ፈትሉና ፕሮቲኖቹ ባንድነት ክሮማቲን ይባላሉ።

የፕሮቲኖቹ ሥራ መጠምጠም ብቻ አይደለም። በካሳንቺስ በኩል ያለው ባምቢስ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘ ከአንድ የምግብ ሸቀጥ መደብር ነው። እንዲህ ባለ መደብር ዕቃው ሁሉ በመጋዘን ተሟልቶ ሳለ፥ የትኛው ሣጥን ዛሬ እንዲከፈት፥ የትኛውም ተዘግቶ እንዲቈይ የሚያዝ ዕቃ ጠባቂ ከሌለ ንግዱ ይበላሻል። በሕዋስም እንዲሁ ነው። የጕበት ሕዋስና የአንጐል ሕዋስ ፈትላቸው አንድ ሲሆን ሥራቸው የተለየው፥ ለእያንዳንዱ የሚከፈተው የፈትሉ ክፍል ስለሚለያይ ነው። ክሮማቲንን የሚያደራጁት ፕሮቲኖችም የዚህ መጋዘን ጠባቂዎች ናቸው። አንጐል በሚታነጽበት ጊዜ እነርሱ ቢጐድሉ፥ የልጁ ንግግርና ጠባይ ይታወካል።

ለዚህ የታወቀ ምስክር አለ። በ1966 አንድሬአስ ሬት የተባሉ የኦስትርያ ሐኪም፥ እጃቸውን እንደሚታጠብ ሰው ዘወትር የሚያፋትጉ ልጃገረዶችን ሕመም ጽፈው አስታወቁ። እነዚህ ልጆች ከ6 እስከ 18 ወር ድረስ እንደ እኩዮቻቸው የሚያድጉ ይመስላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የለመዱትን ቃልና የእጃቸውን ሥራ ያጣሉ። ሕመሙ ከ10,000 ሴቶች ልጆች በአንዲቱ ገደማ ይገኛል። በ1999 የቤይሩት ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ሁዳ ዞግቢ በአሜሪካ አገር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲመረምሩ፥ ሜክፒ 2 የሚባለው የፈትል ጠባቂ የሚሠራበት ትእዛዝ ተበላሽቶ አገኙት። ይህ ፕሮቲን ከልክ በላይ ሲበዛም በወንዶች ልጆች ላይ ሌላ ሕመም ያመጣል። በ2012 ደግሞ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች በጥቂቶቹ ዘንድ፥ ፈትሉን በቀሰሙ ላይ የሚያንሸራትተው ሲ ኤች ዲ 8 የሚባለው ፕሮቲን ትእዛዙ ተበላሽቶ ተገኘ። የኦቲዝም መነሻ ግን ብዙ እንጂ አንድ ብቻ አይደለም።

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ልብ በሉ። የሬት ሕመም የሚመጣበት ስሕተት በአብዛኛው ከዘር ሲወርድ የመጣ ሳይሆን እንደ አዲስ የሚደርስ ነው፤ የሚበዛውም በአባት ዘር ውስጥ የሚደርሰው ነው። እናቲቱን ይወቅስ የነበረ ሰው እንግዲህ ምን ይመልሳል? አባትየውም ቢሆን ወዶና አውቆ ያደረገው አይደለምና ነቀፋ አይገባውም።

ተስፋም አልጠፋም። በ2007 በኤዲንብራ አድርያን በርድና ባልደረቦቻቸው፥ በታመሙ አይጦች ውስጥ የጐደለውን ፕሮቲን ቢመልሱ ሕመሙ ከጸና በኋላ እንኳ ብዙው ምልክት ተወገደ። አንጐሉ ተሰናክሎ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም። አይጥ ሰው ስላልሆነ ይህ ለልጆቻችን ገና ፈውስ አይደለም፤ ሆኖም በ2023 አንዳንዱን ምልክት የሚያቃልል መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል።

መድኃኒቱ እስኪደርስ ድረስ የሚሠራው ሥራ ግን በእጃችን ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት መሆኑን ባወቁ ጊዜ ከሰው ዐይን አልሸሸጉትም፤ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቋሙ፤ በ2021 እስኪያርፉም ድረስ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ደከሙ።

ልጃችሁ የለመደውን ቃል ቢተው፥ በስሙ ሲጠሩት ባይመልስ፥ ወደ ጓዳ አትስደዱት፤ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። የሚማርበትንም ቦታ ፈልጉለት። የጐረቤትን ሐሜት ፈርቶ ልጅን ከመሸሸግ፥ ልጅን ይዞ ሐሜትን ማሳፈር ይሻላል።