ማርሹ አልገባ ሲል መጀመሪያ ሽቦው ይታይ

ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። የሐረጎን ዳገት በብስክሌት የሚወጣ ሰው ማርሹ እምቢ ካለው ያለው ምርጫ ወርዶ መግፋት ነው። ያኔ ጥፋተኛ የሚባለው መቀየሪያው ነው፤ አዲስ ይፈለጋል፣ ካልተገኘ ብስክሌቱ ጥግ ይይዛል።

ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሽቦው ነው። ሽቦ ይረግባል፣ ይዝጋል፣ መቀየሪያው ውስጥ ገብቶ ይተረተራል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሽቦውን ከኋላ ፈትቶ በእጅ እየሳቡ ማርሽ መቀየር። መቀየሪያው በየማርሹ "ቀጭ" ካለ ጤነኛ ነው፤ ሽቦና መሸፈኛው ይለወጡ። ካላለ ግሪሱ ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ይጽዳ፣ ቀጭን ዘይት ይንካው። መጣል የመጨረሻው ነው።

ይህ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። የሁለቱ ከተሞች የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለብስክሌት አንድ የሥራ ጠረጴዛ ቢመድቡ ለወጣቱ እንጀራ፣ ለዳገቱም ጋላቢ ይተርፋል።