መሪው ከኋላ ይሂድ



የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ጀመዓችን እንደተለመደው ወደ እግዜር ድልድይ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ሊያደርግ ነው። ዝግጅቱ ከወዲሁ ተጀምሯል። እስካሁን የተወራው ግን ስለ ቲሸርቱ ቀለም፣ ስለ ባነሩ ጽሑፍና ስለ ፎቶ አንሺው ነው። ስለ ውሃው፣ ስለ መመለሻው ሰዓትና ከኋላ ስለሚቀረው ሰው ሲወራ አልሰማንም።

ያለፈውን ጉዞ እናስታውስ። እኛም ከአዘጋጆቹ መካከል ነበርንና ጥፋቱ የራሳችን ነው። ፈጣኖቹ ከፊት ሆነን እየተቀላለድን ስንወጣ፣ አንዲት የመጀመሪያ ዓመት እህታችንና ጓደኛዋ ፀሐዩ ከብዷቸው መንገድ ዳር ተቀምጠው ቀሩ። ውሃቸውም አልቆ ነበር። መቅረታቸውን ያወቅነው ለዙህር ሶላት ሰፍ ስንይዝ፣ ከሴቶቹ ሰፍ ሁለት ሰው ሲጎድል ነው። አልሐምዱሊላህ፣ የተመለሱት ልጆች በሰላም አገኟቸው። ያቺ እህታችን ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ፕሮግራማችን ላይ አልታየችም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። መቅረቷን ሳናውቅ ያን ያህል መንገድ መሄዳችን ግን ከክፉ ቃል አላነሰም።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ከኋላ እየቀሩ ደካማውን ይረዱ፣ የደከመውንም ከኋላቸው ያፈናጥጡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ኢማም ሆኖ የሚያሰግድ ሰውም ከኋላው ደካማ፣ ሕመምተኛና አዛውንት አለና ሶላቱን እንዲያቀልል አዘዋል። የጀመዓ ፍጥነት የሚለካው በደካማው አቅም ነው ማለት ነው። በመስጊድ የምናውቀውን ይህን ሥርዓት ተራራ ላይ ስንወጣ ለምን እንረሳዋለን?

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። አሚሩ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ይሂድ። ከፊት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ከአሚሩ ኋላ ግን ማንም አይቅር። እህቶች ከራሳቸው መካከል ኃላፊ ይምረጡ፤ ቁም ሲባል የሚያስቆም ሥልጣንም ይኑራት። በየእረፍቱ ሰው ይቆጠር።

ቦታው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ስለሆነ ፈቃዱና አብሮን የሚሄደው ስካውት አስቀድሞ ይለቅ። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፤ ረፋድ ላይ የጀመረ ሰው በፀሐይ ይቀጣል። ሱብሂን በጀመዓ ሰግደን 12 ሰዓት ላይ እንነሳ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ ይያዝ። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን፣ የደረስንበት ይድረስ፣ ፊታችንን ወደ ቤት እናዙር።

የሶላቱም ነገር ይታሰብበት። ዙህር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባልና ሸንተረሩ ላይ እንሰግዳለን። ቂብላው ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው፤ ቀላ ያለው አባያ ከፊታችን፣ ሰማያዊው ጫሞ ከኋላችን ይሆናሉ። ከዚያ በላይ ምን ያማረ መስገጃ አለ? አንዳንድ ወንድሞች «መንገደኛ ነን፣ እናሳጥር» ይላሉ። አብዛኞቹ ዑለማዎች ለመንገደኛ የሚያስቀምጡት ርቀት ግን 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእኛ ጉዞ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ አራት ረከዐችንን በወቅቱ እንስገድ። ለዉዱእ ብሎ ወደ ሐይቁ ዳር የሚወርድም አይኑር፤ የጫሞ አዞ ለሰጋጅ አያዝንም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ ነበር። የቀረን ውሃ ለመጠጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ተየሙም አለልን።

«ለአንድ ቀን መዝናኛ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ተወኩል እናድርግ» የሚሉ አሉ። ግመሉን ሳያስሩ ተወኩል እንደሌለ ሁላችንም ተምረናል። «በዚህ አካሄድ መጨረሻው አንደርስም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ላንደርስ እንችላለን። ግን ጉዞውን «ኡኹዋን ለማጠናከር» ብለን ነው የጠራነው። ኡኹዋ ደግሞ ጥግ ድረስ በመድረስ አይለካም። ፈጣኖቹ ልባቸው ካልቻለ ሌላ ቀን ለብቻቸው ይውጡ፤ የጀመዓውን ቀን ግን ለጀመዓው ይተዉ።

አንድ ነገር ይቅር ካልን ቲሸርቱ ይቅር። የአንድ ቲሸርት ዋጋ የተማሪ ምሳና ውሃ ይችላል። መክፈል ያልቻለ ወንድም «ፈተና አለብኝ» ብሎ ዶርም እንደሚቀር እናውቃለን። የቻለ ጨምሮ ይክፈል፤ ለማን እንደተከፈለ ግን ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ።

ያቺን እህታችንንም ሄደን አውፍ እንበላት። በዚህኛው ጉዞ እንድትመጣ ብቻ ሳይሆን የጉዞውን ፍጥነት እንድትወስን እንጠይቃት። ከመጣች አሚሩ ከኋላዋ ይሄዳል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ) በሰላም ወጥተው፣ ማንንም ሳይጥሉ በሰላም ከሚመለሱት ያድርገን። አሚን።